ተዋናዩ ከተመልካቹ መሀል ሲቀመጥ

ድሬዳዋ ውስጥ የቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ፣ በተለይ ምርጫ ሲቃረብ፣ ከንግግሩ በፊት አጭር ጭውውት ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ከሰፈሩ አማተር ክበብ አራት አምስት ወጣቶች ብቅ ይላሉ። አንዱ ሥራ ፈት ጎልማሳ፣ አንዷ የሰለቻት ሚስት፣ ሌላው ወሬኛ ጎረቤት ይሆናሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሲያስቁ ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ ነገር የገባው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር አዋቂ ጎረቤት ይገባል። ወሬኛውን ያሳፍራል፣ ሥራ ፈቱን ይመክራል፣ ሚስትየዋን ያጽናናል፤ «ካርዳችሁን አውጡ» ወይም «ልማቱን ደግፉ» ብሎ ይጨርሳል። ይጨበጨባል። ከዚያ ዕጩው ተነስቶ ይናገራል፣ ጥያቄና መልስ ይከተላል፣ ውሃ ታድሎ ሰው ይበተናል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቲያትሩ የትኛው ነው? ጭውውቱ ቲያትር መሆኑን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል፤ ሚስት ሆና የተወነችው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይቀር ያውቃል። እዚያ ላይ የተታለለ ሰው የለም። ፖለቲከኛውም ቢሆን መድረክ ላይ ሲወጣ ድምፁን ማስተካከሉ፣ ፈገግ ማለቱ፣ ንግግሩን መለማመዱ የሚያስወቅስ አይደለም። በዚህ ከወቀስነውማ ሠርግ ቤት የሳቀ ሁሉ ደስተኛ መሆኑን በመሐላ ያረጋግጥ ልንል ነው። የቅስቀሳ ውሸት የሚጀምረው፣ የሚታየው ነገር ተውኔት መሆኑ ለተመልካቹ ሳይነገረው ሲቀር ነው። ማለትም ተዋናዩ ከመድረኩ ወርዶ፣ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ።

አዋቂው ጎረቤት ከየት መጣ

የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት ከፖለቲካ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ብልሽት ያሳዩበት ተውኔት ቀርቦ ሲያበቃ፣ የተከተለው እገዳ ነበር። ሰውየው ለሐረርጌ ሩቅ አይደሉም። ኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ መቀመጫቸው አድርገው አስተዳድረዋል፤ የ1923ቱንም ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። ሹመትን በተውኔት የተቸ ሰው ራሱ ሹም ሲሆን ማየት ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም ማለት ነው። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ የባህል ቡድን ደግሞ በአፋን ኦሮሞ መዝፈኑ ብቻ እንደ ፖለቲካ ተቆጥሮበት እስከ መታገድ ደርሷል። ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ቡድን ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የቀበሌ ኪነት ቡድን ዘፈኑንም ድራማውንም መፈክሩንም አንድ ላይ ይዞ የአብዮቱ አፍ ሆነ። ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበቦች ዘመን መጣ። ዛሬ በየሰፈሩ ያለው የአማተር ክበብ አሠራር በአብዛኛው የተቀረጸው በዚያን ጊዜ ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ የመልእክቱ ነጥቦች በወረቀት ይሰጣሉ፣ ሦስት አራት ቀን ልምምድ ይደረጋል፣ መጨረሻ ላይ «አዋቂው» ገብቶ ትክክለኛውን መልስ ይናገራል።

ለኤች አይ ቪ ይህ ቅርጽ ያስኬዳል። «ተመርመር» የሚለው ምክር አከራካሪ አይደለም፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ስለሆነ አንድ አዋቂ ይበቃዋል። ምርጫ ግን አንድ መልስ ያለው ጥያቄ አይደለም። ያው ቅርጽ ወደ ቅስቀሳ ሲገባ፣ ቃሉ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ቅርጹ ራሱ ይዋሻል። የሚጠራጠረው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ ወሬኛ ወይም ሰካራም፣ የሚስማማው ሁልጊዜ አስተዋይ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ በየወሩ የውሃ ክፍያ የሚከፍሉ፣ ምክንያት ኖሯቸው የሚጠራጠሩ እናት በጭውውት ውስጥ ሲታዩ የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

ክበቡን ብቻ መውቀስም አይገባም። አማተር ክበብ የራሱ አዳራሽ የለውም፤ የሚለማመደው በቀበሌው፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በወጣት ማዕከሉ ፈቃድ ነው። ገቢው ከትኬት አይመጣም፤ «የትራንስፖርት» ተብሎ ከሚሰጥ አበል ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከዝግጅቱ በኋላ ነው የሚከፈለው። ያልተከፈለው ገንዘብ ያለበት ቡድን ለሚቀጥለው ጥሪ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ጎበዝ ተዋናይ ደግሞ ዓይኑ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ቅጥር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ባለበት ጽሑፉን ያዘዘው ማን እንደሆነ ሳይነገር ጭውውት ማቅረብ፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያን እንደ ዜና አድርጎ ማውጣት ነው።

ሦስት ሦስት ጥያቄ

ዋናው ተውኔት ያለው ከንግግሩ በኋላ ነው። አሠራሩን የቲያትር ሰው በቀላሉ ይለየዋል፤ ሌላው ነዋሪም ትንሽ ካስተዋለ ያየዋል።

መድረክ መሪው «ሦስት ሦስት ጥያቄ እንሰብስብ» ይላል። ጊዜ ለመቆጠብ ይመስላል፣ አንዳንዴም በእርግጥ ለዚያው ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ሲቀርብ መላሹ ሁለቱን በሰፊው ይመልስና ሦስተኛውን «ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠያቂውም መልስ አላገኘሁም ለማለት ማይኩ ከእጁ ወጥቷል። ከሦስቱ አንዱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ከተቻለ ደግሞ ዙሩ በሙሉ የሚያዘው በዚያ ጥያቄ ነው፤ ሰፊው መልስ የሚሰጠው ለእሱ ነውና።

የተዘጋጀ ጠያቂ ምልክቶች አሉት። ጥያቄው በምስጋና ይጀምራል፤ ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ «ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ሁላችንም የምንለው ነው። ነገር ግን ቀጥሎ አንድ ነዋሪ በእጁ ሊኖረው የማይችል አኃዝ ይመጣል፤ ስንት ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን፣ ስንት ኢንተርፕራይዝ። ጥያቄው ቅሬታ መስሎ ይቆይና መጨረሻው «ይህን መልካም ሥራ ለማስቀጠል ምን ታስቧል?» ይሆናል። ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው አነጋገሩ ነው። በእውነት የተናደደ ሰው ይደናቀፋል፣ ሐሳቡን ይደግማል፣ ጎኑ ያለውን ሰው «አይደለም እንዴ?» እያለ ያያል። ያጠና ሰው ትንፋሹን በነጠላ ሰረዝ ላይ ይወስዳል። ድምፁን ወደ ኋለኛው ረድፍ ይጥላል፣ ምክንያቱም አማተር ተዋናይ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው።

ይህን ለማስቀረት ትልቅ ተቋም አያስፈልግም። በር ላይ ለሚገባው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ ቀሪው ግማሽ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ዕድል የሚሰጠው በዕጣ ነው፣ ዕጣውን የሚያወጣውም ሕፃን ወይም የተቀናቃኝ ፓርቲ ተወካይ ይሁን። ጥያቄና መልሱ አንድ በአንድ ይሄዳል፣ ጠያቂው ከመልሱ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ማይኩን መልሶ ያገኛል። በሰዓት አሥራ ሁለት ጥያቄ ማስተናገድ ይቻላል፤ በሦስት ሦስቱ አሠራር ከዚህ ብዙም አይበልጥም፣ ምክንያቱም «በጥቅሉ» የሚሰጠው መልስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ቃሉ የማን ሥልጣን ነው?

ከተዘጋጀው ጠያቂ ይልቅ የሚጎዳው፣ ያለ ክፋትም የሚነገረው፣ ከተናጋሪው ሥልጣን በላይ የሆነ ተስፋ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት የሁለቱም ከተሞች ዋና ዋና ችግሮች ከወሰናቸው ውጭ ስለሚጀምሩ ነው።

ደቻቱን እንውሰድ። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ የሆነው ይህ ወንዝ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ይከፍላታል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ስለ ደቻቱ ቃል የማይገባ ዕጩ የለም፤ ግድግዳ እንሠራለን፣ እናጠናክራለን። ግድግዳው ያስፈልጋል፣ በከተማው አስተዳደርም አቅም ሊሠራ ይችላል። ጎርፉ የሚሰበሰበው ግን በስተደቡብ ባለው የምሥራቅ ሐረርጌ ተራራ ላይ ነው። ያ ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ነው፤ እርከኑ፣ ደኑና እርሻው የሌላ ምክር ቤት ጉዳይ ነው። «ጎርፍ ታሪክ ይሆናል» ያለ ዕጩ ከላይኛው ተፋሰስ አስተዳደር ጋር ምን ስምምነት እንዳለው ካልተናገረ፣ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ትክክለኛው ጥያቄ «ግድግዳውን መቼ ትሠራላችሁ?» አይደለም፤ «ላይኛውን ተፋሰስ በተመለከተ ከማን ጋር ተነጋግራችኋል፣ የጽሑፍ ስምምነት አለ ወይ?» የሚለው ነው።

የሐረር ውሃ ይብሳል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ከተማዋ ዋና ምንጯን አጣች። ከዚያ በኋላ መፍትሔ የሆነው በድሬዳዋ አካባቢ ካሉ ጉድጓዶች ውሃ ስቦ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ እየገፉ ወደ ሐረር ማድረስ ነው። ስለዚህ ሐረር ላይ ቆሞ «ውሃ በየቀኑ» ያለ ሰው ሦስት ነገር ቃል ገብቷል፦ ከክልሉ ውጭ ያለው ጉድጓድ እንደማይነጥፍ፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው ወረዳዎች እንደሚስማሙ፣ መብራት እንደማይጠፋ። መብራት ከጠፋ ፓምፕ የለም፣ ፓምፕ ከሌለ የጀጎል ቧንቧ ነፋስ ነው የሚነፍሰው። ከሦስቱ አንዱም በክልሉ ምክር ቤት ብቻ አይወሰንም። ድሬዳዋም የራሷ አላት። የከርሰ ምድር ውሃዋ ኖራ የበዛበት በመሆኑ ቱቦውን ከውስጥ እያጠበበ ይደፍነዋል፤ «አዲስ ቱቦ እንዘረጋለን» የሚለው ቃል ውሃውን ማከምን ካልጨመረ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ያው ቅሬታ ይመለሳል።

የባቡሩ ነገር አጭር ነው። አሮጌው የምድር ባቡር ለድሬዳዋ የልደት ካርድ ስለሆነ በስሙ መማል ጭብጨባ ያመጣል። ነገር ግን ምድር ባቡር የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ በ2010 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ መስመርም የሚተዳደረው ከጂቡቲ ጋር በጋራ ነው። የከተማ ምክር ቤት ዕጩ ሊገፋፋ፣ ሊጠይቅ ይችላል። «እናስጀምራለን» ካለ ግን አይችልም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሥልጣኑ የማን ነው? ድሬዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ ምክር ቤቷ ሊወስን የሚችለውና የማይችለው እዚያ ተጽፏል። ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይወጣል፣ ምንስ ይቀነስለታል? እስከ መቼ፣ በምን ይለካል? ለሦስቱም መልስ ያለው ቃል ትንሽ ይሆናል። የፖለቲከኛ ቃል ሲያንስ ነው ለማመን የሚቀርበው።

በሦስት ቋንቋ ሦስት ሰው

ድሬዳዋ «አንቱ» ብዙም የማይሠራባት ከተማ ናት። ታናሽ ታላቁን «አንተ» ቢል ንቀት አይባልም፤ ቅርበት ነው። ዕጩው «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» የሚል ሁለት ገጽ ከወረቀት አንብቦ ሲያበቃ፣ ድንገት «አቦ፣ እኛ እኮ ድሬዎች ነን» ብሎ ክንዱን ሲዘረጋ ሰው የሚስቀው ለዚህ ነው። ሳቁ የዋህ ነው፣ ማንም አልተጎዳም።

የሚጎዳው ሌላኛው የቋንቋ ተውኔት ነው። በዚህ ከተማ አንድ ሰው በአንድ ቀን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ሊናገር ይችላል፤ በረከት ነው። ግን ከዚራ ላይ በአማርኛ «ሁሉም እኩል ነው» ያለ ሰው፣ በሌላ ሰፈር በሌላ ቋንቋ «ተራው የእኛ ነው» ካለ፣ አንድ ዕጩ ሁለት ሰው ሆኗል። 40 ለ40 ለ20 በሚባለው፣ ሥልጣንን ለኦሮሞ፣ ለሶማሌና ለሌሎች በሚያከፋፍለው ቀመር ለረጅም ዓመታት በተዳደረች ከተማ «የእኛ» የምትለዋ ቃል ክብደቷ የሁሉም ጆሮ ያውቀዋል። ጋዜጠኛ በሁሉም ስብሰባ ላይ አይገኝም። የአማተር ክበብ አባላት ግን አብዛኞቹ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይሰማሉ፣ ቃል በቃል የማስታወስም ልምድ አላቸው። ሦስት አባላት ሦስት ስብሰባ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ሥራ ቅጥር፣ ስለ ቤትና ስለ መሬት የተባለውን ብቻ ጽፈው፣ ማታ ቢያስተያዩት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ሐረር ላይ ይህ ችግር ሌላ መልክ አለው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ ሲኖረው 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነዚህ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። አዲስ አበባ ለሚኖር መራጭ የተነገረውን ጀጎል ውስጥ ያለው ነዋሪ አይሰማውም፣ ጀጎል ውስጥ ስላለው ቆሻሻና ውሃ የተባለውንም የሩቁ መራጭ በዓይኑ አያረጋግጥም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ሐረር ግን ጅቦቹን በስማቸው የምትጠራ ከተማ ናት፣ እዚያ ማስመሰል ይከብዳል። አፎቻው፣ የሐረሪዎቹ የመረዳጃ ማኅበር፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ በየጊዜው ስለሚያገናኝ የትኛው ዕጩ ባለፈው ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይጠፋም። ማስታወሱ በወረቀት አለመስፈሩ ነው ጉድለቱ።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በመንግሥት ሀብት መቀስቀስን፣ መራጭን በገንዘብ መደለልን፣ የተቀናቃኝን ስብሰባ ማወክን ይከለክላል። ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ያሉት የመጨረሻ ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ጭውውትም ቢሆን ለፓርቲ የሚቀሰቅስ ከሆነ በእነዚህ ቀናት አይቀርብም። ድሬዳዋ ሰኔ 14 ቀን 2013፣ ሐረር ደግሞ ዘግይታ መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ስትሰጥ የጥሞና ቀኖቹ ለየብቻ ይቆጠሩ ነበር፤ በሁለቱ ከተሞች የሚዞር ክበብ ይህን ካላስተዋለ ይሳሳታል። የመራጮች ትምህርት ለመስጠት ደግሞ ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ክበብ ሰኞ «እንዴት እንመርጣለን» የሚል ጭውውት ፈቃድ ባለው ድርጅት ስም አቅርቦ፣ ረቡዕ በዚያው ልብስ ለአንድ ፓርቲ ቢቀሰቅስ የሰኞውንም ያበላሸዋል። ከሁለት አንዱን ይምረጥ።

የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የኪነ ጥበብ ሥራን በጥላቻ ንግግር ከመጠየቅ ውጭ ያደርገዋል። ሐሰተኛ መረጃ የሚለውም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ፣ ተናጋሪው ሐሰትነቱን ያወቀውን ወይም ማወቅ የነበረበትን ነው። «በስድስት ወር ውሃ በየቤቱ» የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ያልተፈጸመ ተስፋን ሁሉ ወንጀል ብናደርግ መጀመሪያ የሚታሰረው ተቃዋሚ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የአዳራሹ ነው።

ያላለቀ ጭውውት

ብራዚላዊው የቲያትር ሰው ኦጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በየሰፈሩ ያሉ አማተር ቡድኖች የነዋሪውን ችግር እንዲተውኑ፣ ተመልካቹ መድረክ ላይ ወጥቶ መፍትሔ እንዲሞክር አደረገ፤ ከዚያ የተገኘውን ሐሳብ በሕግ ረቂቅ መልክ ወደ ምክር ቤቱ ወሰደ። በአራት ዓመቱ 13 ሕጎች ጸድቀዋል። አሠራሩ ፎረም ቲያትር ይባላል፤ በድሬዳዋ የቀበሌ አዳራሽ ለማካሄድ ከአምስት ተዋናይና ከአንድ ጥሩ አወያይ በላይ አይጠይቅም።

ከሳምንት በፊት የክበቡ አባላት ቀፊራና አሸዋ ገበያ፣ የባጃጅ ተራ ይሄዳሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ቢሮ ሄደህ ሳይሆንልህ የተመለስክበት ጉዳይ ምንድን ነው?» ሃያ ሰው ከተጠየቀ ሦስት አራት ጉዳይ ይደጋገማል። አንዱ ይመረጣል። ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን ጭውውት ይሠራል፤ ፍላጎቷ ግልጽ የሆነ አንዲት ነዋሪ፣ አንድ ሹም፣ አንድ ደላላ ወይም ዘመድ፣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ። ሹሙ ሰይጣን መሆን የለበትም። ምክንያት ይኑረው፦ በጀቱ አልተለቀቀም፣ ፋይሉ ሌላ ቢሮ ነው፣ ከላይ ደብዳቤ ይጠብቃል። ሹሙን ክፉ ብቻ ካደረጉት ተመልካቹ ይሳደብና ይረካል፤ ምንም አልተማረም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መጨረሻው ነው። ነዋሪዋ ሳይሳካላት ትመለሳለች፣ ጭውውቱ እዚያው ይቆማል። ክበቦች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ፤ በሁለተኛው ልምምድ አዋቂው ጎረቤት በመስኮት ተመልሶ ይገባል። አዘጋጁ ማስወጣት አለበት።

ከዚያ ጭውውቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ማንም ተመልካች «ቁም!» ብሎ ነዋሪዋን ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ሹሙን መተካት አይፈቀድም፤ ሹሙ በደግ ሰው ከተተካ ችግሩ በተአምር ያልቃል፣ ተአምር ደግሞ በቢሮ ውስጥ አይሠራም። ሦስት ወይም አራት ሰው ከሞከረ በኋላ ተራው የዕጩው ነው። እሱ የሚቀመጠው በሹሙ ወንበር ላይ ነው። ቅድም ነዋሪ ሆና የተወነችው እናት ፊቱ ቆማ «በየትኛው በጀት? እስከ መቼ? ካልሆነስ ወደ ማን ልሂድ?» ትለዋለች። ንግግሩን ያጠና ዕጩ እዚህ ላይ ወረቀቱ አይረዳውም፤ «ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም» ወይም «አላውቅም» ለማለት የደፈረ ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ይታመናል። ስለዚህ ዕጩ ሊለማመድ ከፈለገ ንግግሩን ትቶ ይህን ይለማመድ፤ ከክበቡ አንዷን ተዋናይ አስቸጋሪ ነዋሪ አድርጎ ሁለት ሰዓት ይፋጠጥ። ሐቀኛ ልምምድ አለ ከተባለ ይህ ነው።

ጠቅላላው አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ሰዓቱ ይታሰብበት፤ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰው አይሰበሰብም፣ የመጣውም ልቡ ከጫት በርጫው ጋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይሻላል። ሞንታርቦ ቢቀር ይመረጣል። ሰማንያ ሰው ወንበሩን በክብ ካደረገ ያለ ማይክ ይሰማል፤ ሞንታርቦ ያለበት ቦታ ላይ የሚናገረው ባለ ማይኩ ብቻ ነው። ለቋንቋ አስተርጓሚ ማቆም ዐሥር ደቂቃውን ሠላሳ ያደርገዋል። ይልቅ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ከተማው ይናገሩ፤ እናት በሶማሊኛ ትጠይቃለች፣ ሹሙ በአማርኛ ይመልሳል፣ ልጇ በአፋን ኦሮሞ ከሠራተኛው ጋር ተነጋግሮ ያስረዳታል። ድሬ ቢሮ ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው።

የሚበላሸው በተለመዱ መንገዶች ነው። የዕጩው ሰዎች የራሳቸውን ሰው «ቁም!» እንዲል ያሰናዳሉ፤ የበሩ ዕጣ እዚህም ይሠራል። ተዋናዩ ሹሙን የአንድ የታወቀ ሰው አረማመድና አነጋገር አስመስሎ ይጫወትና አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የሚያወራ አይኖርም፣ ተቀናቃኝ ፓርቲም በትክክል ይቀየማል። የፓርቲ ቀለም ያለው ልብስ፣ አርማ፣ ቲሸርት ከመድረክ ይውጣ። ሴቶች ወደ መሀል ለመውጣት ሊያመነቱ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን ዙር ከወንበራቸው ሆነው እንዲናገሩ መፍቀድ ብቻ ብዙውን ይፈታዋል። ስልክ ደግሞ የዚህ ዘመን ጣጣ ነው። ሹም የሆነው ልጅ «በጀት የለም፣ ሂዱ» ያለበት ሃያ ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ የእውነተኛ ባለሥልጣን ንግግር ይመስላል። ጭውውቱ በአዋጁ ቢጠበቅም ቆርጦ እንደ ዜና ያሰራጨው ሰው ያ ከለላ የለውም፤ ጉዳቱ ግን ለተዋናዩ ነው የሚደርሰው። ከኋላ ግድግዳው ላይ በየትኛውም ማዕዘን የሚታይ ትልቅ «ጭውውት» የሚል ጽሑፍ ይሰቀል፤ የሞከሩ ነዋሪዎች ፊት ጨርሶ አይቀረጽ።

ከመጀመሩ በፊት አወያዩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ ይህን ያዘጋጀነው እኛ ነን፣ የከፈለን እገሌ ነው፣ የከፈለን ይህን ያህል ብር ነው። ለየትኛውም ፓርቲ ዋጋው አንድ ይሁን፣ ግማሹም ቀድሞ ይከፈል። የተከፈለው ክበብ «መጨረሻውን ቀይሩልን» ሲባል ለመከራከር አቅም ያገኛል።

ዕጩው በሹሙ ወንበር ላይ ሆኖ ያለው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ጉዳዩ፣ ያለው ቃል፣ ያስቀመጠው ቀን። አንድ ገጽ ነው። በተባለባቸው ቋንቋዎች ተጽፎ፣ ዕጩው ራሱ ፈርሞበት፣ ቅጂው ለክበቡ፣ ለመድረክ መሪውና ለሦስት ነዋሪዎች ይሰጣል፤ አንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሰሌዳው ከውጭ ከሆነ በላስቲክ መሸፈኑ ብቻ አይበቃም፤ የድሬ ፀሐይ የፕሪንተር ቀለምን በሁለት ወር ያነጣዋል። በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፎ ከበሩ ውስጥ በኩል ይሰቀል።